ጥቅሙ ለማን፣ ጉዳቱ በማን? ጦርነት በሥዕልና በሥነ ጽሑፍ ዓይን

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከተለያዩ አንባቢያን የደረሱን ቢሆኑም፣ ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «የጦርነት ጥቅምና ጉዳት» በሚል ርዕስ ክርክር ሊያደርጉ እየተዘጋጁ ነው። ጉዳቱን የሚያሳዩ የኪነ ጥበብ ሥራዎች በብዛት አሉ፤ ጥቅሙን እንዲደግፉ ዕጣ የወጣላቸው ተማሪዎች ግን ከሥዕልም ከሥነ ጽሑፍም የሚጠቅሱት አጥተው መጡብኝ። የጦርነት ጥቅም በሐቅ የታየበት ሥራ ይኖራል? ወይስ ጥቅሙን የሚያወሳ ሁሉ ቅስቀሳ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ይኖራል፤ እንዲያውም ከቆየው ሥነ ጽሑፍ የሚበዛው ጦርነትን የሚያወድስ ነው። የጀግና ውዳሴው፣ ቀረርቶና ሽለላው፣ የድል ሐውልቱና የነገሥታት ዜና መዋዕሉ ጦርነት ለተዋጊው ክብርን፣ ለወገኑም ነጻነትን ወይም ግዛትን እንዳስገኘ ለመመስከር የተሠሩ ናቸው። ይህን ሁሉ ቅስቀሳ ብሎ መጣል ተገቢ አይመስለኝም፤ ወራሪን መክቶ ከባርነት የዳነ ሕዝብ ስለ ድሉ ሲዘምር በእርግጥ በእጁ ስለገባ ነገር ነውና የሚዘምረው። ጥንቃቄ የሚያሻው ሥራው «ጦርነት ይጠቅማል» የሚል ነው ወይስ «በዚህ ጦርነት ብንሸነፍ ኖሮ የምናጣው ይህን ነበር» የሚል ነው የሚለውን ለይቶ ማንበቡ ላይ ነው። ሁለተኛው አቋም ከመጀመሪያው ይልቅ በጽኑ መሠረት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ተማሪዎችዎ ክርክራቸውን በዚያ ላይ ቢያቆሙ በቀላሉ አይረቱም።

ለዚህ ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ አስቀድሜ የምመርጥላቸው «ፋርሳውያን» የተሰኘውን የግሪካዊውን የኤስኪለስን ተውኔት ነው። ተውኔቱ ለመድረክ የበቃው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ472 ሲሆን፣ የሚተርከውም ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ግሪኮች በሳላሚስ ከፋርስ ጋር ያደረጉትን የባሕር ውጊያ ነው። ደራሲው ራሱ በማራቶን ጦር ሜዳ የተሰለፈ ሰው ነበር፤ በተመልካችነት ከተቀመጡት የአቴና ሰዎችም ብዙዎቹ ከተማቸው በፋርስ ጦር ስትቃጠል ያዩ ነበሩ። በተውኔቱ ውስጥ ግሪኮች ወደ ውጊያው ሲገቡ አገራቸውን፣ ልጆቻቸውንና ሚስቶቻቸውን፣ የአማልክታቸውን መቅደስና የአባቶቻቸውን መቃብር ነጻ እንዲያወጡ የሚጣራ ድምፅ ይሰማል። የመከላከል ጦርነት የሚያስገኘው ጥቅም ከዚህ ባጠረና በጠራ አነጋገር የተገለጸበት ቦታ ትዝ አይለኝም። ይሁን እንጂ ይህን ጥሪ ተመልካቹ የሚሰማው ከድል አድራጊ አዝማሪ ሳይሆን ከተሸናፊው ወገን መልእክተኛ አፍ ነው። ኤስኪለስ የድሉን ወሬ ያስነገረው በአቴና አደባባይ አይደለም፤ በሱሳ፣ በፋርስ ቤተ መንግሥት፣ በንጉሡ እናትና በሽማግሌዎች ፊት ነው። መልእክተኛው የወደቁትን የፋርስ አለቆች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ይቆጥራል፤ አሸናፊዎቹም ተቀምጠው የጠላታቸውን ቤት ልቅሶ ያያሉ። እንግዲህ ሁለቱም የተከራካሪ ቡድኖች ይህንኑ አንድ ተውኔት ይዘው ቢቀርቡ፣ ክርክሩ «ጥቅም አለው ወይስ የለውም» ከሚለው ወጥቶ «ጥቅሙ ለማን ነው፣ የተከፈለውስ በማን ነው» ወደሚለው የተሻለ ጥያቄ ያድጋል።

ሌላው ለጥቅም ወገን የሚያገለግል ማስረጃ የሕክምና እድገት ነው። እዚህ ላይ የእንግሊዛዊውን የሄንሪ ቶንክስን ሥዕሎች ያሳዩዋቸው። ቶንክስ መጀመሪያ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የነበረ፣ በኋላም ወደ ሥዕል አዘንብሎ መምህር የሆነ ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሐኪሙ ሃሮልድ ጊሊስ በፊታቸው ላይ የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ ቶንክስ የቁስለኞቹን ፊት በቀለም ጠመኔ ይሥል ነበር። መንጋጋ የሌለውና አፍንጫው የተነደለ ወጣት ከወረቀቱ ላይ በቀጥታ ያይዎታል። የፊት ቀዶ ጥገና በዚያ ጦርነት ሳቢያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ መራመዱ እውነት ነው፤ ሥዕሎቹን ያየ ሰው ግን ሙያው የተራመደው ምን በዝቶ ስለተገኘ እንደሆነ ሳይጠይቅ አያልፍም። እኔ በበኩሌ ጦርነት ራሱ የሰበረውን ለመጠገን የተገኘን ዕውቀት ሙሉ በሙሉ በጦርነት ጥቅም መዝገብ ላይ ለማስፈር እጄ ይከብደኛል፤ ተማሪዎችዎ ግን ይከራከሩበት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጦርነት ለተዋጊው መንፈስ ያስገኛል የሚባለው ጥቅም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው ጀርመናዊው ደራሲ ኤርንስት ዩንገር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው «የብረት ማዕበል» ውስጥ ምሽጉን የጽናት መፈተኛና የወንድማማችነት መገኛ አድርጎ ያሳያል። ሌላው ጀርመናዊ ደራሲ ሬማርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «በምዕራብ ግንባር አዲስ ነገር የለም» በተሰኘው ልብ ወለዱ፣ ያንኑ ጦርነት፣ ያንኑ ግንባርና ያንኑ የጀርመን ጦር ይዞ ከትምህርት ገበታ ተነስተው የዘመቱ ልጆች እንዴት ባዶ እንደቀሩ ይተርካል። የሚገርመው ደጋግሞ የቆሰለውና በግንባር ብዙ የቆየው ዩንገር ሲሆን፣ ሬማርክ በግንባሩ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቆይቶ ነው ቆስሎ የተመለሰው። ስለዚህ «ጦርነትን ቀምሶ ያየ ሁሉ ይጠላዋል» የሚለው የተለመደ አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። የዩንገርን መጽሐፍ ማስነበብ አስፈላጊ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ሐሰተኛ ምስክር አይደለምና። ይሁን እንጂ ጽናትንና ክብርን አገኘሁ ብሎ ሊጽፍ የሚችለው የተረፈ ሰው ብቻ መሆኑን፣ በአጠገቡ የወደቀው ጓደኛው ተመሳሳይ ጥቅም አግኝቶ እንደሆነ የሚጠየቅበት መንገድ እንደሌለ ተማሪዎቹ ልብ ቢሉ መልካም ነው።

ጦርነት ዓለምን ያነጻል ብለው እ.ኤ.አ. በ1909 በመግለጫ ያወጁትን፣ ፊውቸሪስቶች የሚባሉትን ፍጥነትንና ማሽንን ያወደሱ የጣሊያን የኪነ ጥበብ ሰዎች ግን ለጥቅም ወገን አልመክርም። ከእነርሱ ወገን የነበሩት ሠዓሊው ቦቾኒና የሥነ ሕንፃ ባለሙያው ሳንት ኤሊያ ለጦሩ ተሰልፈው ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1916 ሞተዋል፤ ቦቾኒማ የሞተው ውጊያ ላይ ሳይሆን በልምምድ ወቅት ከፈረስ ወድቆ ነው።

ጥያቄ፦ ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ ከጦርነት የተወለዱ ይመስላሉ። «ኢሊያድ»፣ «ጦርነትና ሰላም»፣ «ጌርኒካ»፤ ጦርነት ባይኖር እነዚህን ከየት እናገኝ ነበር? ቢያንስ ለኪነ ጥበብ ጦርነት ጠቅሟል ማለት አይቻልም? (አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ፤ ነገር ግን የሚቆጥረው የተገኘውን ብቻ ነው። ዊልፍሬድ ኦወን የሚባለው እንግሊዛዊ ባለቅኔ የተገደለው እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1918፣ የተኩስ አቁም ስምምነቱ ሊፈረም አንድ ሳምንት ሲቀረው ሲሆን፣ ዕድሜው ገና 25 ነበር። ጀርመናዊው ሠዓሊ ፍራንዝ ማርክ በቬርደን ግንባር ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። የኦወንን የምሽግ ግጥሞች በጥቅም ዓምድ ላይ ካሰፈርን፣ በ40 ወይም በ60 ዓመቱ ሊጽፋቸው ይችል የነበሩትን በየትኛው ዓምድ እናሰፍራለን? የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1914 የቤልጂግዋን ሉቨን ከተማ ሲያቃጥል ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ጋር ዐመድ የሆኑት የብራና ጽሑፎችም፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በሳራዬቮ በተቃጠለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበሩት መጻሕፍትም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለባቸው።

ከዚህ በላይ የሚገርመኝ እርስዎ የጠቀሷቸው ሥራዎች ራሳቸው የተሠሩበት ሁኔታ ነው። ቶልስቶይ በሴቫስቶፖል ከበባ ጊዜ በመድፈኝነት አገልግሏል፤ ያ ልምድ ብዙ እንዳስተማረው አያከራክርም። «ጦርነትና ሰላም»ን ግን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ በርስቱ ላይ ተረጋግቶ ተቀምጦ፣ እርሱ ከመወለዱ በፊት ስለተደረገው ስለ 1812ቱ የናፖሊዮን ወረራ ነው። ፒካሶ «ጌርኒካ»ን የሣለው በፓሪስ ነው። የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ለዓለም አቀፉ ትርኢት ትልቅ ሥዕል እንዲሠራለት አስቀድሞ ጠይቆት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1937 የባስክ ከተማዋ ጌርኒካ በአየር ስትደበደብ ርዕሰ ጉዳዩን አገኘና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጨረሰው። ወደ 8 ሜትር የሚጠጋውን ሸራ የሚወጥርበት ሰፊ ክፍል፣ ቀለምና ጸጥታ የሰጠው ሰላም የነበረበት ከተማ ነው። ዳዳ የተሰኘው የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴም እ.ኤ.አ. በ1916 የተወለደው በዙሪክ፣ በገለልተኛዋ ስዊዘርላንድ፣ ከጦርነቱ ሸሽተው በተጠለሉ ሰዎች እጅ ነው። የስፔናዊው ሠዓሊ የጎያ ሥራ እንኳ የተለየ አይደለም፤ ጎያ የናፖሊዮን ጦር በስፔን ላይ ያደረሰውንና ስፔናውያንም የፈጸሙትን ጭካኔ በመዳብ ላይ በቀረጻቸው ከ80 በላይ ምስሎች መዝግቦ አስቀመጠ፤ ታትመው ለሕዝብ የደረሱት ግን እ.ኤ.አ. በ1863፣ እርሱ ከሞተ ከ35 ዓመታት በኋላ ነው።

ስለዚህ ጦርነት ለኪነ ጥበብ የሚሰጠው ጉዳዩን ነው፤ ሥራውን የሚሰጠው ከጦርነቱ የራቀ ቦታ ወይም ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ጊዜ ነው። አንድ ነገር ግን ልመንልዎ፤ የ1914ቱ ጦርነት የአጻጻፍና የአሣሣል ልማድን አናውጧል። ከዚያ በፊት የነበረው ያማረና የተደላደለ ቋንቋ በምሽግ ውስጥ የታየውን ነገር ለመሸከም ስላልቻለ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጥሯል፤ ቅርጹም ተሰባብሯል። ይህ ለውጥ ነው፤ ጥቅም ብሎ መጥራቱን ግን ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ጥያቄ፦ በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ የጠላት ወታደሮች ለምን ሁልጊዜ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ? ሠዓሊዎቹ ስላልቻሉ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በኢትዮጵያ ባህላዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው በሚታይበት ሁኔታ ሲሣሉ፣ ክፉዎች ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የ1888 ዓ.ም.ን ድል የሣሉት ባለሙያዎች ይህንኑ ወግ ወደ ጦር ሜዳ አመጡት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ ከወገን ጦር በላይ ሆኖ ይታያል። ይህ አሣሣል ድሉ የፍትሕ ድል መሆኑን በአንድ እይታ ይናገራል፤ በዚያው መጠን ከተመልካቹ የሚሰውረውም አለ። በጎን የተሣለ ሰው ከተመልካች ጋር ዓይን ለዓይን አይጋጠምም፤ ስለዚህ አሟሟቱ አያሳዝንም። ተገድዶ የመጣ ወታደርም ይሁን አዝማቹ መኮንን ፊቱ አንድ ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ የጦርነት መጻሕፍት ሁሉ የወንዶች ታሪክ ናቸው። ሴቶች ወይ ይሸኛሉ፣ ወይ ያለቅሳሉ። ይህ የደራሲያኑ ድክመት ነው ወይስ የጦርነቱ መልክ? (አንዲት አንባቢ)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሁለቱም ነው ብል ጥያቄዎን መሸሽ ይሆንብኛል፤ እኔ ይልቁን ወደ ደራሲያኑ ድክመት አደላለሁ። ምክንያቱም ሴቶች በሚያለቅሱበት ቦታ እንኳ ልቅሶው ማስረጃ መሆኑን የተረዱ ጥንታውያን ነበሩ። ኤውሪጲደስ «የትሮይ ሴቶች»ን ለአቴና ተመልካች ያቀረበው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አቴናውያን የሜሎስን ደሴት ይዘው ወንዶቹን ገድለው፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ለባርነት ሸጠው ነበር። በመድረኩ ላይ ግን የታዩት በድል አድራጊዎች መካከል በዕጣ የሚከፋፈሉት የትሮይ ንግሥት፣ ሴት ልጇና ምራቷ ናቸው። በሕንዱ «ማሃባራታ»ም ውስጥ ከ18 ቀኑ ጦርነት በኋላ ራሱን የቻለ የሴቶች ክፍል አለ፤ ልጆቿን ሁሉ ያጣችው ጋንዳሪ በሬሳ መካከል እየተመላለሰች የሞቱትን ታያለች፣ ጦርነቱን ማስቆም ሲችል አላስቆመም ያለችውን ክሪሽናንም ትረግማለች። በእኔ ግምት ይህ እርግማን በዚያ ግዙፍ ድርሳን ውስጥ ካሉት ከባድ ንግግሮች አንዱ ነው።

ከዘመናዊዎቹ ስቬትላና አሌክሲየቪች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሶቪየት ጦር ውስጥ የተሰለፉ ሴቶችን ቃል ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1985 መጽሐፍ አድርጋ አውጥታለች። አልሞ ተኳሾች፣ ሐኪሞችና መድፈኞች የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ ከድሉ በኋላ ግን ብዙዎቹ ሜዳሊያቸውን ደብቀው ዝም ብለው ኖረዋል። እዚህ ላይ ጥቅምና ጉዳቱ የሚነጣጠሉ አይደሉም፤ ሴቶቹ በአገራቸው መትረፍ ይኮራሉ፣ መዝመታቸውንም አይክዱም፤ ከድሉ ድርሻቸው ግን አልተሰጣቸውም።

ጥያቄዎ ያስታወሰኝን የጀርመናዊቷን የኬተ ኮልቪትዝን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲፈነዳ ታናሹ ልጇ ፔተር በፈቃደኝነት ለመዝመት ጠየቀ፤ ዕድሜው ስላልደረሰ የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አባት እምቢ አለ፤ እናት አማላጅ ሆና አስፈቀደችለት። ልጁ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በቤልጂግ ተገደለ። ኮልቪትዝ ለልጇ መታሰቢያ የሚሆን ሐውልት ማሰብ የጀመረችው ወዲያው ነው፤ እየጀመረች እየተወች፣ እየለወጠች፣ በመጨረሻ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። በመቃብሩ ስፍራ የተንበረከኩ አባትና እናት ናቸው፤ ልጁ የለም፣ ጠመንጃ የለም፣ ባንዲራም የለም። አባትየው እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ ቀጥ ብሏል፤ እናቲቱ ጎንብሳለች። ስለዚህ ሐውልት የተጻፈው አብዛኛው ሐተታ የሚናገረው ስለ እናት ሐዘን ነው። እኔ ግን የማየው አንድ ሌላ ነገር አለ። ሴቲቱ በጦርነቱ ውስጥ ሸኚና አልቃሽ ብቻ አልነበረችም፤ ጥቅም አለው ብላ አምና የራሷን ልጅ የሰጠች ወሳኝ ሰው ነበረች፤ ያንንም ለ18 ዓመት ያህል በእጇ ስትፈትሽ ኖረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 በአጎቱ ስም የተጠራው የልጅ ልጇ ፔተር በሩሲያ ግንባር ሞተ።

ጥያቄ፦ ወጣት ደራሲ ነኝ። ጦርነትን በዓይኔ አላየሁም፤ ስለ ጦርነት ልብ ወለድ መጻፍ ግን እፈልጋለሁ። የሌላውን ሕመም መስረቅ ይሆንብኛል? ደግሞስ ሳላሳምረው ወይም ስብከት ሳላደርገው እንዴት ልጽፈው እችላለሁ?

መልስ፦ አለማየትዎ አይከለክልዎትም። ስቲቨን ክሬን ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1895 ያወጣው ልብ ወለድ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ እርሱ ግን የተወለደው ጦርነቱ ካበቃ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ማየትም በራሱ ዋስትና አይደለም። አይቶ መጻፍ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለማወቅ የበዓሉ ግርማን ዕጣ ማስታወስ ይበቃል፤ ደርግ በኤርትራ ካካሄደው ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አሥመራ ወርዶ ያየውን መሠረት አድርጎ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፣ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ።

ማሳመርን በተመለከተ፣ ውጊያን በፍጹም ሳያሳምሩ መጻፍ ይቻላል ብዬ አልዋሽዎትም። የተዋጣለት የውጊያ ትረካ አንባቢን ያፋጥናል፤ ደሙን ያሞቀዋል፤ ጦርነትን ለማውገዝ የተሠራ ሥራ እንኳ ወጣቶችን ለጦርነት ሊያስመኝ ይችላል። ሆሜር ይህን ችግር የፈታበት መንገድ ለእርስዎ የሚጠቅም ይመስለኛል። በ«ኢሊያድ» ውስጥ ጦር ተወርውሮ ሰው ሲወድቅ ትረካው ብዙ ጊዜ ለአፍታ ይቆምና የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን አገር፣ ባዶ የቀረ ቤቱን ይነግረናል፤ ከዚያ ውጊያው ይቀጥላል። ደስታው እዚያው እንዳለ ዋጋው ከጎኑ ይቀመጣል። በመጨረሻውም መጽሐፍ ሽማግሌው የትሮይ ንጉሥ ፕሪያሞስ የልጁን ሬሳ ለመለመን የገዳዩን የአኪሌስን እጅ ይስማል፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ጦርነቱ ግን በዚያ አይቆምም።

ከስብከት ለመዳን ደግሞ የኖርማኖችን ወረራ የሚተርከውን የባዮ ጥልፍ ምስሎቹ በግልጽ በሚታዩበት ቅጂ ፈልገው ይዩት። እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን የያዙትን አሸናፊዎች ታሪክ የሚናገር፣ 70 ሜትር ያህል የሚረዝም ሥራ ነው። በመካከሉ ፈረሰኞችና መሳፍንት ይታያሉ፤ ከእግራቸው በታች ባለው ጠባብ ጠርዝ ላይ ግን ሬሳዎች ተዘርግተዋል፣ በሕይወት ያሉት ደግሞ የሟቾቹን ጥሩር ይገፍፋሉ። በሌላ ቦታ ወታደሮች በሚያቃጥሉት ቤት አጠገብ አንዲት ሴት የልጇን እጅ ይዛ ቆማለች። ጥልፉ ስለ እርሷ ምንም አስተያየት አይሰጥም፤ ታሪኩም ለእርሷ ብሎ አይዘገይም።

ለረቂቅዎ የምመክረውም ከዚህ የተነሳ ነው። በመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉ ዋናውን ታሪክ እንደመጣልዎ ይጻፉት። ሁለተኛ ሲመለሱበት በየምዕራፉ ጠርዝ ላይ ማን እንዳለ ይፈልጉ፤ ስንቁን የተሸከመው፣ መሬቱ የተረገጠበት ገበሬ፣ ከጦርነቱ ያተረፈው ነጋዴ፣ በድሉ ከባርነት የወጣው ሰው፣ ሁሉም እዚያ አሉ። ያተረፉትንም ሆነ የከሰሩትን አይደብቁ። ምን ይሰማኛል ብለው የሚያስረዱባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ በእርሳስ ያስምሩባቸውና ሦስተኛው ረቂቅ ላይ ቢሰረዙ ታሪኩ ይጎድል እንደሆነ ይፈትሹ። የሌላውን ሕመም መስረቅ ያሉት ሥጋት ግን እስከ መጨረሻው አብሮዎት ቢቆይ አልጠላም፤ ያለፉበትን ሰዎች ፈልጎ ከማነጋገር የሚያሰንፍዎት እስካልሆነ ድረስ።